ውሃ ልክ ሲንጋደድ

ታላቅ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊ ማለቴን ከሰማ ግን ያርመኛል፤ ሱሪ ሰፊ ነው። ኮት የሚሰፉ አሉ፣ ቀሚስ የሚሰፉ አሉ፣ መጋረጃ ሰፍተው ራሳቸውን ልብስ ሰፊ ብለው የሚጠሩም አይጠፉም፤ ወንድሜ ለሁሉም ከልቡ ያዝንላቸዋል። ኮት ማንንም ያታልላል ይላል። ትከሻው ላይ ትንሽ ጥጥ ከጠቀጠቁበት ለባሹ ሰው ይመስላል። ሱሪ ግን ያለውን ነው የሚያሳየው።

በዚህ እምነት ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሯል። እኔ ታናሽ እህቱም ሃያ ሁለቱን ዓመት ከጀርባው ቆሜ ሱሪዎቹን ስተኩስና ጫፋቸውን በእጅ ስሰፋ ኖሬያለሁ። ሱቃችን አንድ ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር የእሱ የስፌት መኪና፣ መሃል ላይ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ባለ ሦስት ክንፍ መስታወት፣ ከመስታወቱ ፊት ደንበኛ የሚቆምበት የእንጨት ሳጥን፣ መጨረሻ ላይ አየር የማይደርስበት ጥግ ውስጥ እኔና ካውያዬ። ቦታው በእድሜ ነው የተከፋፈለው።

ሰፈሩ ወንድሜን የሚያውቀው «ውሃ ልክ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣለት አንድ ግንበኛ ደንበኛ ነው። ወንድሜ የሱሪን ርዝመት በሜትር አይለካም። ደንበኛውን ሳጥኑ ላይ ያቆማል፣ ከኋላው ይንበረከካል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ በጠመኔ ጭረት። ሌላው ሰፊ አንዱን እግር ለክቶ ያንኑ ለሌላው ይገለብጣል፤ ይሄ ለወንድሜ ከሌብነት አይለይም። «ሁለት እኩል እግር ያለው ሰው እስካሁን አልተወለደም» ይልና ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ ያሰምራል። ጭረቱን ከጨረሰ በኋላ ምርመራው ይከተላል። «ቀኝ ትከሻህ ወርዷል፤ በዚህ በኩል ነው ቦርሳ የምትይዘው?» ሰውየው ደንግጦ አዎ ይላል። ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ለሚስቱ ይናገራል፣ ሚስቱ ደግሞ ለጎረቤት። ሰው ጉድለቱን ሲነግሩት ለምን እንዲህ ደስ እንደሚለው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አንድ ማለዳ ታዲያ ወንድሜ ከበርጩማው ሊነሳ ሲል መሃል ላይ ቀረ። አልተቀመጠም፣ አልቆመም።

«ምን ሆንክ ጋሼ?» አልኩት።

«ብርድ ነው።»

በእኛ ቤት ብርድ ያልሠራው ወንጀል የለም። አባታችን ጥርሱ ሲወልቅ ብርድ ነው ብሎ ነበር። ስለዚህ አልተከራከርኩም። ብርድ የተባለው ነገር ከቀኝ መቀመጫው ይነሳል፣ በጭኑ ጀርባ ይወርዳል፣ ባቱን አልፎ ትንሿ የእግር ጣቱ ጋ ይቆማል። አንዳንዴ ያቃጥላል፣ አንዳንዴ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ያስፈነጥረዋል፣ ሲብስበት ደግሞ እግሩ ይደነዝዝና ጫማ ማድረጉንም ይረሳል። ሲያስነጥሰው ጉዱ ነው። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አስነጥሶ ሲጨርስ ደግሞ «ይማርህ» ያልኩትን እኔን በቁጣ ያየኛል።

ለብርዱ የመጀመሪያው ሕክምና በሩን መዝጋት ሆነ። በሩ ሲዘጋ የካውያው እንፋሎት መውጫ አጣ፤ እሱ ከብርድ ሲጠበቅ እኔ በቁሜ ተቀቀልኩ። ቀጥሎ ሐኪሞቹ መጡ። ሰፈራችን ሐኪም አጥቶ አያውቅም። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ፣ ወገቡ ላይ ሰው ከነጫማው ቢራመድበት ይለቀዋል አለና ራሱን ለአገልግሎት አቀረበ፤ ሰውየው ዘጠና ኪሎ ነው። አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር ወገቡን በወፍራም ቀበቶ እንዲታሰር አዘዘ። ቀበቶው ከታሰረ በኋላ ወንድሜ መተንፈስ ስላቃተው ለጊዜው የእግሩን ነገር ረሳ፤ ሹፌሩ ይህንን እንደ ስኬት መዘገበው። የወንድሜ ሚስት ደግሞ መሬት ላይ መተኛት አለብህ አለች። እሷን እምቢ ማለት ስለማይቻል አሥራ አንድ ቀን ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ከጣሪያው ጋር ሲተያይ ከረመ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሲነሳ ካልሲ ለማድረግ ሰው አስፈለገው።

«አልበቃኝም ማለት ነው» አለ፤ «ጨምሬ መተኛት ነበረብኝ።»

ከዚያ ወደ መኪናው ተመለሰ። የመኪናው መርገጫ በቀኝ እግር የሚሠራ ነው። ቀኙ እምቢ ሲለው በግራው መርገጥ ጀመረ፤ በግራው ለመርገጥ ደግሞ በአንድ መቀመጫው ብቻ ተቀመጠ። ከጠዋት እስከ ምሳ ከበርጩማ አለመነሳት ለእሱ የሥራ ሰው ምልክት ነው። ውሃ ለመጠጣት የሚነሳ ሰፊ አይቶ ሲታዘብ ሰምቼዋለሁ።

በሁለተኛው ወር ላይ የሒሳብ መምህሩ ሱሪውን ለብሶ ተመልሶ መጣ። ሰባት ዓመት ሙሉ ደንበኛችን ነው፤ ሸሚዙ ላይ እንኳን ቁልፎቹን ቆጥሮ የሚዘጋ የሚመስል ጥንቁቅ ሰው።

«ግራው መሬት ይጠርጋል» አለ።

ወንድሜ ሳጥኑ ላይ አቆመው። ተንበረከከ፤ ለመንበርከክ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «መምህር፣ ሱሪው ልክ ነው። ግራ እግርዎ ነው ያጠረው።»

ተማሪዎቹን ሁለት ሲደመር ሁለትን ሳይቀር አስረዱ የሚል ሰው፣ ያለ ምንም ማስረጃ አመነ። «ይገርማል» ብሎ ሄደ። ቤቱ ገብቶ ካርቶን ቆርጦ፣ ሦስት ቦታ አጥፎ፣ ግራ ጫማው ውስጥ ከተተ።

ከመምህሩ ቀጥሎ የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ መጣ፤ ግራው። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ መጣ፤ ግራው። ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ቀን መጡ፤ የሁለቱም ግራ። ወንድሜ ለሁሉም እኩል ሐዘኔታ አሳየ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ይለካኩ ጀመር። አንዱ ጥፋቱን የእግረኛ መንገዱ ላይ አደረገው፤ ወደ አንድ ጎን ስላዘቀዘቀ ነው አለ። በነገሩ ላይ ለከተማው አስተዳደር ደብዳቤ የመጻፍ ሐሳብም ነበር።

እኔስ? እኔ ያወቅሁት አንድ ሱሪ አጣጥፌ ከረጢት ውስጥ ልከት ሁለቱን እግሮች ስደርባቸው ነው። ግራው ከቀኙ በአንድ ጣት ይረዝማል። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም፤ ሁለት እኩል እግር ያለው ሰው አልተወለደም አይደል? ሁለተኛውን ደረብኩ። ሦስተኛውን። በዚያ ሳምንት የሠራናቸውን ዘጠኙንም ደረብኩ። ዘጠኝ ሰው በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ጣት፣ በግራ በኩል አያጥርም።

ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት። ከአንድ ደንበኛ ኋላ ተንበርክኳል። ዳሌው ወደ ቀኝ ወጥቷል፣ ወገቡ ወደ ግራ ዘመም ብሏል፣ አንገቱም ወገቡን ተከትሏል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያሰምራል። ውሃ ልካችን ተንጋዷል።

ምላሴ ረጅም ነው ይሉኛል። ለደንበኛ፣ ለአከራይ፣ ለወንድሜ ሚስት፣ ለማንም መልስ አላጣም። ታዲያ በዚያ ቀን ያንን ሁሉ ምላስ ይዤ ምን አደረግሁ ቢባል፣ ምንም። አባታችን የሞተ ጊዜ እኔ አሥራ አንድ፣ እሱ ሃያ ዓመታችን ነበር። ትምህርቱን ትቶ መኪና ላይ የተቀመጠው እኔ ትምህርቴን እንዳልተው ነው። ይህንን አንድ ቀን እንኳን አፉን ሞልቶ ነግሮኝ አያውቅም፤ ምናልባት ለዚህ ነው የከበደኝ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ በእጁ የቀረው ዓይኑ ነው። ዓይንህ ተንጋዷል ብዬ እኔ ልንገረው?

ስለዚህ ብልሃት ፈጠርኩ። እሱ አስምሮ ሱሪውን ሲወረውርልኝ፣ የግራውን ጭረት በብሩሽ አጠፋና አንድ ጣት ከፍ አድርጌ እሰፋለሁ። ሱሪ መመለሱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆመ።

«አየሽ?» አለኝ ወንድሜ፤ «ሰዉ እግሩን አምኖ ተቀበለ።»

እኔም ወደ ካውያዬ አጎነበስኩ። በሩ ተዘግቷል፣ እንፋሎቱ ሞልቷል፣ ወንድሜ እያነከሰ ነው፣ ሱሪው ግን ልክ ነው። እንዲህ አድርገን ሦስት ወር ተጨማሪ ኖርን። ጠዋት ጠዋት ሲመጣ ፊቱ አመድ ይመስላል፤ እንዴት አደርክ ስለው «ብርዱ አላስተኛኝም» ይለኛል። እኔም «አይዞህ» እለዋለሁ። ማለት አይከብድም።

ነገሩን ያበላሸብን የመምህሩ ካርቶን ነው። እኩል እግር ያለው ሰው አንዱን ጫማ አስረዝሞ አራት ወር ሲራመድ ወገቡ ዝም አይለውም። መምህሩ ዳሌውን ያመው ጀመርና ክሊኒክ ሄደ። እዚያ ያገኘችው ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ መርፌና ኪኒን ሳይሆን እንቅስቃሴ የምታዝ ባለሙያ። አስተኝታ ሁለቱን እግሮቹን በሜትር ለካች። እኩል ናቸው።

«ግራዎ አጭር ነው ያለዎት ማነው?»

«ልብስ ሰፊዬ።»

በማግስቱ የመምህሩን ሱሪ በክንዷ ይዛ ሱቃችን መጣች። አጭር፣ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ የማትቸኩል ሴት። አንድ ያልተቆረጠ አዲስ ሱሪ ለብሳ እንዲያሰምርላት ጠየቀችው። ሳጥኑ ላይ ቆመች፤ እሱ ከኋላዋ ተንበረከከ። እሷ ግን የራሷን ሱሪ አልነበረም መስታወቱ ውስጥ የምታየው።

«ከጀመረዎት ስንት ጊዜው ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ህመሙ።»

«ህመም አይደለም፤ ብርድ ነው።»

«ብርዱ እስከ የትኛው ጣት ነው የሚወርደው?»

ወንድሜ ቀና አለ። «ትንሿ ጋ።»

«ሲያስነጥስዎት ይብሳል?»

«ማን ነገረዎት?» ብሎ እኔን አየኝ። እኔ አልነገርኳትም።

«ብርድ እንዲህ መንገድ አያውቅም» አለች። ከሳጥኑ ወረደችና «እስቲ እርስዎ ይውጡበት» አለችው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ወንድሜ ያ ሳጥን ላይ ወጥቶ አያውቅም። ወጣ። እሷ መቀሱን በክር አስራ፣ ክሩን ከመስታወቱ ጫፍ አንጠለጠለችው። ክሩ ቀጥ ብሎ ወረደ። ከክሩ ጎን የቆመው ሰው ግን ወደ ግራ ተንጋዷል። ወንድሜ ራሱን ለረጅም ጊዜ አየ።

«መስታወቱ ተንጋዷል» አለ።

እሷም ሳትስቅ ክሩን ፈትታ ከመስኮቱ ላይ አንጠለጠለችው፤ ያው ነው። ከዚያ ዱካ ስባ ተቀምጣ አስረዳችው። በጀርባ አጥንቶች መሃል ዲስክ የሚባል ትራስ መሰል ነገር አለ። ከታች ወገብ ላይ ያለው ዲስክ ሲያብጥ ወይም ሲወጣ አጠገቡ ያለውን የነርቭ ሥር ይጫናል። ያ ነርቭ ደግሞ ከወገብ ተነስቶ፣ በመቀመጫ በኩል አልፎ፣ እስከ እግር ጣት የሚሄድ ረጅም መስመር ነው። ስሙ ሳያቲክ ነርቭ ነው፤ ህመሙም ሳያቲካ ይባላል። ጥፋተኛው ወገብ ላይ ተቀምጦ የሚጮኸው እግር ነው። ሰውነትም ከጫናው ለመሸሽ ሳያውቀው ወደ አንድ ጎን ይዘማል።

«ታዲያ አሥራ አንድ ቀን ስተኛ ለምን አልለቀቀኝም?»

«ስለተኙ ነው። ሲብስ አንድ ሁለት ቀን ማረፍ አይከፋም። ከዚያ በላይ ሲሆን ጡንቻው ይደክማል፣ ወገቡ ይደርቃል። ለእርስዎ መድኃኒቱ መንቀሳቀስ ነው።»

ማዘዣዋ ረጅም ነበር። በየግማሽ ሰዓቱ ከመኪናው ተነስቶ ትንሽ መራመድ። በርጩማውን አውጥቶ ከፍ ያለ፣ ጀርባ ያለው ወንበር ማስገባት። ጎንበስ እንዳይል የመቁረጫውን ጠረጴዛ ከፍ ማድረግ። የጨርቅ ጣቃ ሲያነሳ ጉልበቱን አጥፎ፣ ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ማንሳት። ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ወገቡ ላይ ማድረግ። ጠዋትና ማታ በሆዱ ተኝቶ በክርኖቹ ቀና ማለት፤ ህመሙ ወደ እግር ከወረደ ማቆም፣ ከእግር ወደ ላይ ከተሰበሰበ መቀጠል። ሰው ጀርባው ላይ እንዳይራመድ። ከዚያ ድምጿን ሳትቀይር ይህንን ጨመረች፦

«ሽንትዎን ወይም ሰገራዎን መቆጣጠር ካቃተዎት፣ በጭኖችዎ መሃል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ ወይም እግርዎን ከቁርጭምጭሚቱ ቀና ማድረግ ካልቻሉ፣ ለእኔ አይደውሉ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። ይሄ ለነገ አይባልም።»

«እድናለሁ?» አለ። ያንን ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ብዙው ሰው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሻለዋል። እርስዎ ለብዙ ወራት ስለተቀመጡበት ትንሽ ይዘገይ ይሆናል። ካልሆነ ደግሞ ፎቶ እናስነሳለን፣ ሌላ ሐኪም ያይዎታል።» ከዚያ የመምህሩን ሱሪ አነሳች። «አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። እንዲህ ዘመው እያሰመሩ፣ ደንበኞችዎ እንዴት ዝም አሉ?»

«አካሌ ነው የዘመመው» አለ ወንድሜ ደረቱን ነፍቶ። «ዓይኔ አልዘመመም። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ሱሪ አልተመለሰብኝም።»

እሷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ አንድ ሱሪ ላይ የሌለ ሽብሽብ አግኝቼ አጥብቄ እተኩሳለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሱቃችን የስፖርት ቤት ሆነ። መደርደሪያው ላይ የደወል ሰዓት ተቀመጠ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ይጮኻል፣ ወንድሜም ስፌቱን ግማሽ ላይ ትቶ እስከ መንገዱ ጫፍ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ጠረጴዛው እግሮቹ ሥር ግንድ ገባለትና ከፍ አለ፤ እኔ ለመድረስ በጣቴ እቆማለሁ። ጠዋት በሆዱ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ በክርኖቹ ቀና ሲል ደንበኛ ይገባል፤ ወንድሜም ሳይነሳ፣ ከፎቅ መስኮት ቁልቁል እንደሚያይ ሰው ሆኖ፣ «ሐሙስ ይደርሳል» ይለዋል። ፀጉር አስተካካዩ ሳይራመድበት በመቅረቱ ቅር ብሎት ሁለት ሳምንት ሰላምታ ነፈገን። ሹፌሩ ቀበቶውን መልሶ ወሰደ።

ቀና መንገድ ብቻ አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት የታዘዘውን ረስቶ ጣቃ ጨርቅ ጎንበስ ብሎ ሲያነሳ ህመሙ እስከ ጣቱ ተመለሰበት፤ ሚስቱም ምንጣፉን ለማንጠፍ ተሰናዳች። ፊዚዮቴራፒስቷ በስልክ «እርምጃውን ያሳጥሩት እንጂ አይተውት» አለችው። አልተወውም። ሁለት ወር ሲሞላው ጣቱ ለቀቀው። ቀጥሎ ባቱ። ቀጥሎ ጭኑ። ህመሙ በመጣበት መንገድ ወደ ላይ እየተሰበሰበ ሄዶ መቀመጫው ላይ አንዲት የምትነዘንዝ ነጥብ ሆነ። አንድ ቀን ሲያስነጥሰው ምንም አልያዘም። እኔም «ይማርህ» አልኩት፤ «ያኑርሽ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ከምር ደስ አለኝ።

በዚያው ሳምንት የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ በቅርቡ ያሰፋውን ሱሪ ለብሶ ተመልሶ መጣ።

«ቀኙ መሬት ይጠርጋል» አለ።

ወንድሜ ሳጥኑ ላይ አቁሞ አየው። ብዙ አየው። ምርመራ አልሰጠውም። «ተወው፣ አስተካክልልሃለሁ» ብቻ አለ። በማግስቱ ሌላ ሰው መጣ፤ ቀኙ። ከዚያ ሌላ፤ ቀኙ። በአራተኛው ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ በቅርቡ እኛ ጋ ያሰፋችውን ሌላ ሱሪ ለብሳ መጣች፤ ቀኙ። ወንድሜ ተንበርክኮ ግራና ቀኙን አየና፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከአፉ ያልወጣ ቃል ተናገረ፦ «እርስዎ ልክ ነዎት። ስህተቱ የእኔ ነው።»

እኔ ደግሞ በዚህ ሁሉ ጊዜ ምን እያደረግሁ ነበር? እያቃናሁ። እሱ ያሰምራል፣ እኔ የግራውን አጠፋለሁ፣ አንድ ጣት ከፍ አደርጋለሁ፣ እሰፋለሁ። ሁለቱን እግር ደርቦ ማየት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ምን ልደርብ? አውቀዋለሁ አይደል? ወንድሜ በየቀኑ ዓይኔ ሥር ሲቀና፣ እኔ ከበፊቱ ሰውዬ ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ። በሰው ዓይን ስህተት ስቀልድ የኖርኩት ሴትዮ ማለት ነው።

ይህንን የተረዳሁት ግን የዚያን ዕለት አይደለም። የዚያን ዕለት ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ደወሉ ጮኸ፤ ወንድሜ አልተነሳም። ሰዓቱን አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በማግስቱ ስመጣ ጠረጴዛው ከግንዶቹ ወርዷል። ወንበሩ ደጅ ወጥቷል፤ የድሮው በርጩማ ገብቷል፤ እሱም በአንድ መቀመጫው ብቻ፣ ወደ ግራ ዘሞ ተቀምጦበታል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ታምሜ ሳለሁ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሱሪ አልተመለሰም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ዓይኔ ከዚያ አቀማመጥ ጋር ነበር ልኩ። ሲያቃኑኝ ጠፋ። እግሬ ቢያመኝ ይሻለኛል።» ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «እስኪመለስልኝ አንቺ አስምሪ። በሜትር።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሲነሳ ግን ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ቀኝ እግሩን ከመሬት ከፍ አድርጎ አቆየው። ህመሙ ተመልሶ መውረድ ጀምሯል። ከዚያ በኋላ ነው ትናንት ያሰመራቸውን፣ እኔ ገና ያልነካኋቸውን ሦስት ሱሪዎች አንስቼ እግሮቻቸውን የደረብኳቸው። ሦስቱም ጭረት ለጭረት ገጠሙ።

«ጋሼ፣ ናና እይ» አልኩት።

መጥቶ አየ። ጣቱን በጭረቶቹ ላይ አስኬደ። ጠመኔ የማጠፋበትን ብሩሽ አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ዘጠኙን ሱሪ። አንድ ጣቱን። ዓይኑ ዛሬ ልክ እንደሆነ፣ ቀኙን የሚያስረዝመው የእኔ እጅ እንደሆነ። እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር፤ ቁጣውን አውቀዋለሁ፣ እችለዋለሁ። እሱ ግን አልተቆጣም።

«ስለዚህ ያኔ ተንጋድጄ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«አይተሽኝ ነበር።»

«አይቼህ ነበር።»

«መምህሩ ካርቶን ሲከት?»

«አውቅ ነበር።»

«ሦስት ወር በየቀኑ?»

«በየቀኑ፣ ጋሼ። ስላከበርኩህ ነው ዝም ያልኩት።» ይህንን ስል ውሸት መሆኑ ለራሴም ተሰማኝ። ፈርቼው ነው። ፊቱ ሲከፋ ማየት ስላልፈለግሁ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያቃስት ተውኩት።

ብሩሹን አነሳ፤ ፀጉሩን በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገና መልሶ አስቀመጠው።

«ሱሪውን አቃናሽ» አለኝ። «እኔንስ ለማን ተውሽኝ?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። ለባዳ ነው የተውኩት። የሌላ ሰው ሱሪ በክንዷ ይዛ ለመጣች፣ አንድ ጊዜ አይታው ያመመውን ለጠየቀችው ባዳ።